የፊንላንድ ሮክ በዐቢይ ጾም

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ሜልተን ያለው ቤታቸው ድረስ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። በዐቢይ ጾም መኪናዬ ውስጥ ከመዝሙር ሌላ አይሰማም። ያን እሑድ ግን ሞተሩን ሳስነሳ መኪናዋ በከበሮና በጩኸት ተናወጠች። ልጄ አዲስ የወጣ የፊንላንድ ሮክ ሲዲ ከትታበት ኖሯል። ለማጥፋት እጄን ስሰድ አባ፣ "ቆዪ እስቲ፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጮኹት?" አሉ።

ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና በእንግሊዝኛ ታስረዳ ጀመር። የባንዱ ልጆች ያደጉት በረዶ በማይጠፋበት መንደር ነው፤ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ነበሩ፤ ኋላ ጊታር ገዝተው መዝሙሩን ተዉት፤ አዲሱን አልበም ያወጡት ለሞተው ከበሮ መቺያቸው ነው። እኔም አባ ፊት እንዳላፍር በጥንቃቄ ተረጎምኩ፦

"ዘማሪዎች ናቸው፣ አባታችን። ጓደኛቸው ሞቶባቸው ነው።"

"ለቅሶ ነዋ! ለቅሶማ በጾም አይከለከልም" አሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ።

ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጊታር ያለችውንስ የት ጣልሽው? እሱን እንኳ ያለ አስተርጓሚ እሰማለሁ።"

ልጄ በሳቅ ፈረሰች።

"ይፍቱኝ፣ አባ" አልኩ መሪውን እንደ ጨበጥኩ።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። አሁን ድምፁን ቀነስ አድርጊና ሙሾው እስኪያልቅ ቀስ ብለሽ ንጂ።"