የጅራፉ ጫፍ

ዘንድሮም ቡሄ ሲቃረብ ከቤቴ ጀርባ ጅራፍ ጮኸ፤ ወዲያው እጄ ቃጫ ቃጫ ሸተተኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሰፈራችን ወንዶች ልጆች ጅራፍ ሁሌ የሚያልቀው ከጫፉ ነው፤ የደብረ ታቦር ጭቃ ይበላዋል። አባቴ ለገበያ ከገመዱት የቃጫ ገመድ ቆረጥኩና ጫፍ ጫፉን ብቻ እየጎነጎንኩ ቀጠልኩላቸው። ዋጋዬ ለአንድ ጫፍ አንድ ሙልሙል ነበር። የቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ ሳልል ነጠላዬ ሙልሙል ሞላ።

አንዲት ጎረቤታችን አባቴ ዘንድ መጥተው፣ “ልጅዎ ቅጥ አጣች እኮ! ሴት ልጅ ከጅራፍ ምን አላት?” አሉ።

አባቴ የተቆረጠውን ገመድ አነሱ። ልመታ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“ማን አስተማረሽ?” አሉኝ።

“ማንም። ሁሌ ጫፉ ሲያልቅ አየሁ።”

ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጡት። “ቅዳሜ አብረን ገበያ እንሄዳለን። አንቺ አትሸጪም። ሰው ምን እንደጎደለው እያየሽ ትነግሪኛለሽ።”

ቅጣት መስሎኝ አለቀስኩ።

እዚያው ገበያ እህል በአህያ ጀርባ ላይ በዝናብ ሲበሰብስ አየሁ። ዛሬ የምተዳደረው የጭነት መሸፈኛ ሸራ እየሰፋሁ ነው።

ትናንት ልጄን አዲሱን ሸራዬን ቆራርጣ አገኘኋት። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ተውኩትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

“ምን ጎድሎ አይተሽ ነው?” አልኳት።