በፈፋው ውስጥ የተገኘው ብረት

የማግኔት መለኪያ የሚሸከም ሰው ብረት አጠገቡ አያስደርስም። በዚህ ነገር እኔ ቀልድ አላውቅም። ሸዋ ሮቢት አቅራቢያ ማዕድን ስንፈልግ በሰነበትንበት ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት የሁሉንም ቁልፍ፣ ስልክና ቀበቶ በፕላስቲክ ባልዲ እሰበስብ ነበር። የራሴን ጡት መያዣ እንኳ ሽቦ የሌለውን መርጬ ነው ከቤት የወጣሁት። መንገድ መሪያችን የአካባቢው ገበሬ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ቢላዋቸውን ከወገባቸው ፈትተው ባልዲው ውስጥ ሲያስቀምጡ፣ ነገ ደግሞ ጥርሴን አውልቅ ትለኛለች እያሉ ያሾፉብኛል።

ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስኩ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። የሰባት ወር ልጄን ደብረ ሲና እናቴ ዘንድ ትቼ፣ በዚያ ሐሩር ከአንዱ የማሾ ማሳ ወደ ሌላው ስዞር እውላለሁ። ቀና ስል ልጄ ያለበት ተራራ ጉም ለብሶ ይታየኛል፤ ይናፍቀኛል። ቢሆንም ሥራዬን እወደዋለሁ። ደግሞም ቢሮ ውስጥ "አራስን ምን መስክ ያስወጣታል" ያሉ ስለነበሩ እልህ ይዞኛል። አለቃዬ እስከ ቅዳሜ አንድ ፍንጭ ካላገኘሽ ካምፑ ይነሣል ብሎኛል።

ፍንጩ የተገኘው ከአንድ ደረቅ ፈፋ ውስጥ ነው። በማሳው ላይ ጸጥ ብሎ የሚሄደው የመለኪያው ንባብ ፈፋው ውስጥ ስገባ ይዘላል፤ ስወጣ ይረጋል። በአንድ መስመር ብቻ ቢሆን እጠራጠር ነበር፤ በአምስቱም መስመር ያው ሆነ። ካርታ ላይ ሳሰፍረው ፈፋውን ተከትሎ የሚሄድ ቀይ ሰንበር ወጣ። የተሰነጠቀ ዓለት፣ በስንጥቁ የወጣ ብረት ያዘለ ድንጋይ፣ ስንጥቁን ተከትሎ የቦረቦረ ጎርፍ፤ ሁሉም ነገር ግጥም አለልኝ። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ለአለቃዬ ደወልኩ። ቅዳሜ ቆፋሪዎች ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ።

ዓርብ ሽማግሌው ለጁምዓ ከተማ ወረዱ። እኔም እንግዶቹ ሳይመጡ አንዱን መስመር ልድገመው ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ፈፋውን ተሻገርኩ፤ ንባቡ ንቅንቅ አላለም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ያው ነው። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩና ምን እንደተለወጠ አሰብኩ። ፈፋ ስወርድ ሁልጊዜ አጠገቤ የሚሆኑት፣ ዛሬ ግን የሌሉት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

ከመስጊድ ሲመለሱ ጠየቅኋቸው። አልካዱም። ከሽርጣቸው እጥፋት የዛገ የማጭድ ስባሪ አወጡ። የፈፋው አፋፍ ቁልቁል ስለሆነ፣ መለኪያው የተያያዘበትን የጀርባ ቦርሳዬን ከኋላ እየደገፉ ያወርዱኝ ነበር። ለካ ስወርድ ስባሪውን ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ይከቱታል፤ ሽቅብ እየገፉ ሲያወጡኝ ደግሞ ይወስዱታል። ከዚያ ወዲያ ከፊት ከፊቴ ርቀው ስለሚሄዱ መለኪያው አያውቅባቸውም።

"ጡትሽ ገና ወተት አለው ልጄ፤ አራስ ያለ ብረት ፈፋ አትሻገርም። እዚህ ጂን አለ፣ ወላሂ። አንቺ ደግሞ ብረትን እርም አልሽ። እኔ ምን ላድርግ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ጉድ ሠሩኝ" አልኩና ጥያቸው ሄድኩ። በጣም ተናድጄ ነበር። የሰውን ሁሉ ብረት ስለቅም ከርሜ፣ ያገኘሁት ማዕድን በገዛ ጀርባዬ ያዘልኩት ማጭድ ሆነ። ለአለቃዬ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። አምስቱንም መስመር ድገሚ፣ ምንም ከሌለ ዕቃችሁን ጫኑ አለኝ።

በማግሥቱ ከአፋፉ ስደርስ ሽማግሌው ቀድመውኝ ቆመዋል። ስባሪውን በራሳቸው እጅ ባልዲው ውስጥ ጥለውት መጥተዋል።

"ድምፅስ መለኪያሽን ይነካዋል?" ሲሉ ጠየቁኝ።

አይነካውም አልኳቸው። ቢስሚላህ ብለው ቀድመውኝ ወረዱና ከቁርአን አየተል ኩርሲን ጮክ ብለው መቅራት ጀመሩ። እኔ ከኋላ እየለካሁ ተከተልኳቸው። አምስቱንም መስመር እንዲሁ እየቀሩ አሻገሩኝ። የመለኪያው ንባብ አንዴም አልዘለለም፤ ከፈፋው በታች ምንም የለም። ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ። ቢሮ ውስጥ አራስ መሆኔ ከሥራ ማስቀሪያ ሰበብ ነበር፤ እኚህ ሰው ግን ሥራዬን እንድሠራ ደግፈው አሻግረውኛል።

ካምፑ ሲነሣ ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ከልጁ ራስጌ አድርጊለት፤ እዚያ እንኳ አትለኪም" አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ደብረ ሲና ወጥቼ ከልጄ ፍራሽ ሥር አስቀመጥኩት። ልጄ አሁን ሮጦ አይጠገብም። ፍራሹን ባነጠፍኩ ቁጥር ያንን ብረት አነሣዋለሁ፤ መልሼም እዚያው አኖረዋለሁ።