ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የተደወለው ዛቻ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሰናይት መርማሪ ፖሊሱ ፊት ቁጭ ብላ እያመለከተች ስልኳ ጠራ። የሚዝትባት ሰውዬ ነበር።

ሰናይት አስተማሪ ናት፤ አያት ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ላይ ነው የምንኖረው። ዘንድሮ በግል ለምርጫ ቀርባለች። ብቻዋን እንዳትሄድ ብዬ አብሬያት ሄድኩ።

"በስልክ ከሆነ የዛተብሽ፣ የሰሙ ሁለት ምስክሮች አምጪ" ብሏት ነበር መርማሪው። እኔ እስከማውቀው ስልክ የሚደወለው ለአንድ ሰው ጆሮ ነው!

ባለፈው ሳምንት የገዢው ፓርቲ ዕጩ ላይ በፌስቡክ የዛተው የሰፈራችን ጎረምሳ በማግስቱ ተይዟል። መያዙ ልክ ነው። የእሷ አቤቱታ ግን ወር ሊሞላው ነው፤ የተያዘ ሰው የለም።

ሰናይት የሚጠራውን ስልክ አነሳችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ከምርጫው ካልወጣሽ ልጅሽን ትምህርት ቤት አታገኚያትም" አለ ሰውዬው። ሦስታችንም ሰማን።

መርማሪው ፊቱ ተለዋወጠ። ውሃ ቀዳላት። "እኔም የሴት ልጅ አባት ነኝ" አላት ቀስ ብሎ።

"እንግዲያው አንዷ ምስክር ይቺ ጎረቤቴ ትሁን፣ ሁለተኛው እርስዎ" አለችው።

መርማሪው መዝገቡን ዘጋው። "እኔን ተዪኝ እህቴ፤ ሌላ ሰው ፈልጊ።"

ሰናይት ከዚያው ልጇን ልታመጣ ሮጠች። እናንተስ እንዲህ ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ስር ጻፉልን፤ ምስክር ፈልጉ ተብለናል።