ጥጡን ከቀየርኩ በኋላ

ይቺ ኤሌክትሪክ ሲጋራዬ ሰሞኑን ጭስ ነፍጋኝ ነበር። አንድ ቀን አንዋር መስጊድ አጠገብ ካለው የጨርቅ ሱቃችን ቆጥ ላይ ወጣሁና ፈሳሹን የሚመጥላትን የተቃጠለ ጥጧን ቀየርኩላት። አዲሱን የማንጎ ጣዕም ባለው ፈሳሿ ነክሬ፣ በደንብ እስኪጠጣ ምሳዬን በላሁ።

ከዚያ ሳብኳት። ደመና! በጣቃዎቹ መሀል እየዋኘ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባችው ፀሐይ እያበራችው፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። እኔም አብሬው የምንሳፈፍ መሰለኝ።

«እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ከታች አባነነኝ። መርካቶ ውስጥ ይህን ሰምቶ ማን ይቆማል? ጣቃ ተሸክሜ፣ እኔም «እሳት!» እያልኩ ከሁሉም ቀድሜ መንገድ ላይ ተገኘሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ፣ ሚዛናቸውን እንደታቀፉ፣ አየሩን አሸተት አሸተት አደረጉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ወላሂ የዛሬው እሳት ማንጎ ማንጎ ይሸታል።»