የመሲ ቤት ግብር ለምን ዜሮ ሆነ

ፀሐይ ሴራሚክ አንጣፊ ናት። ኦስሎ፣ ቫይትቬት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ስድስት ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው በተሰለፉበት ረድፍ የመጨረሻውን ቤት ይዛለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ጉልበቴ ግን ጡረታ ከወጣ ቆይቷል ትላለች። ከጎኗ ያለው ቤት የመሠረት ነው። መሠረትን ሁሉም መሲ ይላታል።

ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መሀል ከተማው ሴንትሩም ውስጥ አንድ ፎቅ አብረው አጽድተዋል። አንዷ ባልዲውን ስትገፋ ሌላዋ ወለሉን ትወለውላለች። ከዚያ ፀሐይ ኮርስ ገብታ፣ አንዴ ወድቃ፣ በሁለተኛው የሙያ ወረቀቷን ያዘች። መሲ ባርነሃገን፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ገብታ የሕፃናት ረዳት ሆነች። የቤቶቹን ማስታወቂያ መጀመሪያ ያየችው ፀሐይ ናት፤ ለመሲም የነገረቻት እሷው ናት። በዕጣ ሲደርሳቸው መሲ ከሁለት በኩል ግድግዳ የሚያሞቀውን ቤት አገኘች፤ ፀሐይ ነፋስ የሚመታውን ዳር። "ነግሬያት ሙቁን ወሰደች" ስትል ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ቅናቷ በዚህ ብቻ አያበቃም። መሲ ባል አላት፤ ፀሐይ ከፈታች ቆይታለች። የመሲ ባል ጌቱ አውቶቡስ ነጂ ነው። በረዶ ሲጥል ገና ሳይነጋ አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ የራሱን ደጅ ይጠርግና አንዳንዴ የፀሐይንም ጠርጎላት ይሄዳል። ይሄኛው ይበልጥ ያንገበግባታል።

መሲ የሌላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምድር ቤት። አላት እንኳን፣ ግን እንደ ፀሐይ አይደለም። የሃያ አንድ ማህበራቸው አሥራ ሁለት ሴቶች በየወሩ እየተዘዋወሩ ነው የሚያወጡት። መሲ ጋ ሲደርስ ግማሹ ሰው ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ፀሐይ ይህን አይታ የራሷን ምድር ቤት ሠራችው። ወለሉን በማስተካከያ ስሚንቶ ሞላች፣ የማሞቂያ ገመድ ዘረጋች፣ ስልሳ በስልሳ ሴራሚክ አነጠፈች፤ በሴራሚኮቹ መሐል ያለው ፉጋ ሁለት ሚሊ ነው፣ በጠረጴዛ ቢላ ብትሄድበት አይያዝም። ኮርኒሱንም ዝቅ አድርጋ አምፖል ሰካችበት። አሥራ ሁለት ሴት በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። ግብር መሥሪያ ቤቱ ከቤትሽ ስንት ካሬው መኖሪያ ነው ብሎ ሲጠይቃት፣ ምድር ቤቱን ደምራ ሞላች። ሴራሚኩ ከየት እንደመጣ የሚጻፍበት ቦታ ቢኖር እሱንም ትሞላ ነበር።

የቤት ግብር የተባለው ወረቀት ሲመጣ ሁሉም ሰው የሚከፍለው መስሏት ሁለት ዓመት ዝም ብላ ከፈለች። በሦስተኛው ዓመት፣ ሱቅ ውስጥ ሰልፍ ይዘው፣ እንደ ዋዛ መሲን ጠየቀቻት።

"መሲዬ፣ የቤቱ ግብር ዘንድሮ ጨመረብሽ?"

"የምኑ ግብር?"

"የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ነዋ!"

"ናይ፣ የለም፣ እኔ መጥቶብኝም አያውቅ። ወረቀቱ ይመጣል፣ ዜሮ ይላል፣ ጌቱ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ምነው፣ አንቺ ትከፍያለሽ እንዴ?"

"ትንሽ" አለች ፀሐይ።

"አይ፣ ያንቺማ ትልቅ ነዋ!" አለች መሲ፤ ቲማቲሟን ሚዛኑ ላይ እያስቀመጠች።

ፀሐይ የያዘችውን ወተት መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ቤቶቹ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ፕላን የተሠሩ ናቸው። አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ዜሮ ነው። የቤቱ ግምት ከተወሰነ መስመር በታች የሆነበት ሰው እንደማይከፍል በኋላ ሰማች። የመሲ ቤት ከመስመሩ በታች፣ የሷ ከመስመሩ በላይ! እንዴት?

ቅሬታ ለማቅረብ ስድስት ሳምንት ነበራት። በመጀመሪያው እሁድ በመስመር ወረቀት ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፈች። አናቱ ላይ "ጉዳዩ፦ አድልዎ ስለተፈጸመብኝ" ይላል። ልጇ ኤልዳና አመሩድ በሚባለው ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ለምሳ ስትመጣ ወረቀቱን ሰጠቻት።

"በኖርዌይኛ ገልብጪልኝ። እንዳለ።"

ኤልዳና የመጀመሪያውን ገጽ እየሳቀች አነበበች። ሁለተኛው ላይ ሳቋ ቆመ።

"ማማ፣ ይሄ ምንድነው? 'ከጎኔ ያለው ቤት ቁጥር አሥራ አራት ከኋላ በመስታወት የተዘጋ፣ ማሞቂያ ያለው በረንዳ ጨምሮ ሳለ አንድም ክሮነር አይከፍልም።' ይሄ እኮ የእትዬ መሲ ቤት ነው!"

"ስም አልጠራሁም።"

"ቁጥር ጠርተሻል!"

"ማነጻጸሪያ ነው። አቤት ስትይ ታዲያ በምን ታስረጃለሽ? ለሱ እንዲህ ተደርጎለት ለኔ ለምን ቀረ ነው እንጂ የሚባለው። እኛ አገር ቀበሌ ስትሄጂ—"

"ይሄ ቀበሌ አይደለም። እዚህ ስለ ራስሽ ቤት ብቻ ነው የምትጽፊው። ስንት ሜትር ነው፣ ቁመቱ ስንት ነው፣ አለቀ። ይሄን ብትልኪ ላንቺ አንድ ነገር አይጨምርልሽም፣ እሷ ጋ ግን ሰው ሄዶ በረንዳውን ያያል። ይሄ አቤቱታ አይደለም ማማ፣ ጥቆማ ነው።"

"ውሸት ጻፍኩ?"

"እውነት ነው። እኔ ግን አልጽፈውም። ክርስትና እናቴ ናት።"

ምሳው ተበላና ኤልዳና ሄደች። ፀሐይ ወረቀቱን አልቀደደችም። ማታ ራሷ በስልኳ እያስተረጎመች ኮምፒውተር ላይ ገለበጠችው፤ የመሲን በረንዳ የሚጠራውን ሦስተኛ አንቀጽም ጭምር። ከመላኳ በፊት ግን አንድ የጎደለ ነገር ታያት። የሁለቱ ቤት ልክ አንድ መሆኑን በአፍ ብቻ ማን ያምናታል? መለካት አለባት። የመሲን።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ የሌዘር ሜትሯን ኪሷ ከትታ የመሲን በር አንኳኳች።

"የሻወርሽ ፉጋ ለቋል ያልሽኝ ነበር አይደል?"

"ውይ የኔ እናት! ባለፈው ዓመት ያልኩሽን አልረሳሽም?"

መሲ ሻይ ልትጥድ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ፀሐይ ሳሎኑን ለካች፣ መኝታ ቤቱን ለካች። ሁሉም ከሷ ጋር እኩል ነው። ምድር ቤት ወረደች። ብስክሌቶች፣ የድንች ከረጢት፣ የመሲ ልጅ የኖኤል አሮጌ የበረዶ መንሸራተቻ። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሜትሯን መሬት አስቀምጣ ወደ ላይ ተኮሰች፤ አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት።

"ምን እየለካሽ ነው?" መሲ ከደረጃው ላይ ቆማለች።

"ልማድ ነው። ሰው ቤት ስገባ እጄ አያርፍም።"

"ጌቱ ያንቺን ባየ ቁጥር እኛም እንሥራው ይላል። አርፈህ ተቀመጥ እለዋለሁ። ማን እዚህ ጉድጓድ ይወርዳል? ያኔ የቤቱ ስፋት ሲጠየቅም 'ይሄ ቤት ነው እንዴ?' ብሎ ዕቃ ማስቀመጫ ብሎ ነው የሞላው። ነይ፣ ሻዩ ደርሷል።"

ፀሐይ ሻዩን ስትጠጣ ምላሷ ተቃጠለ። ሁለት ነገር ነው የሰማችው። አንደኛው፣ የመሲን ግብር ዜሮ ያደረገው ዕድልም አድልዎም አይደለም፤ የጌቱ እስክሪብቶ ነው። የሷን ያወፈረውም የራሷ እስክሪብቶ። ሁለተኛው ይብሳል። ያን ሁሉ ሴራሚክ ተንበርክካ ያነጠፈችለት ምድር ቤት፣ መሲ አንድ ቀን እንኳ አልተመኘችውም።

ቤቷ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የኮርኒስ ቁመት ከአንድ ሜትር ከዘጠና በታች የሆነ ቦታ ከቤት ስፋት እንደማይደመር በሙያዋ ታውቀዋለች፤ የደንበኞቿን ስንት ቤት ለክታበታለች። የራሷን ግን ለክታው አታውቅም። ሜትሯን ሴራሚኩ ላይ አስቀመጠች። አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት። ሌላ ጥግ ሄደች፤ ሰማንያ ስምንት። መሐል፣ ደረጃው ሥር፣ መስኮቱ ጋ፤ ሁሉም ጋ ሰማንያ ስምንት። ወለሏ ውሃ ልክ ነው፣ አንድ ሚሊ አያበላልጥም። አራት ሳንቲ ሜትር ወለሉ በልቷል፣ አራት ኮርኒሱ። ቤቱን ከመሲ ቤት ለማስበለጥ የሠራችው ሥራ ራሱ ምድር ቤቱን ከመኖሪያ ስፋት አስወጥቶታል።

አሁን ማስረጃ አላት። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ነበር፤ አምስት የቁመት ልክ፣ አምስት ፎቶ፣ "ይህ ክፍል እንደ መኖሪያ አይቆጠርም" የሚል ፊርማ። ያን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ጣቷ ቆመ፤ ነገ ልሸጠው ብትል ገዢው ይህንኑ ያነባል። ቢሆንም ጻፈችው። ሦስተኛው አንቀጽ፣ የመሲ በረንዳ፣ ከሥሩ እንዳለ ነበር። ለጉዳዩ እንደማያስፈልግ አሁን አውቃለች። አላጠፋችውም። ቀነ ገደቡ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት እየከፈተች አየችው። ጌቱ ደጇን ጠርጎላት በሄደ ጠዋት ልትልከው ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር።

ያጠፋችው ደግነት ይዟት አይደለም። አንድ ነገር አስባ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለመሲ ደብዳቤ ቢልክላት መሲ ወዴት ትሮጣለች? ወደሷ ነዋ! መሲ የመንግሥት ወረቀት በመጣ ቁጥር ፀሐይ ጋ ነው የምታመጣው፤ "አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ እስቲ እይልኝ" ትላለች። ያን ደብዳቤ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ልታነብላት ነው? "ማን ይሆን የጠቆመኝ?" ስትላት ምን ልትል ነው? ፀሐይ አንቀጹን ኮምፒውተሩ ላይ ከላይ እስከ ታች መርጣ አጠፋችውና የቀረውን ላከች።

መልሱ ከሦስት ወር በኋላ መጣ። ምድር ቤቱ ወጥቷል፤ ቤቱ ከመስመሩ በታች ሆኗል፤ የሁለቱ ዓመት ክፍያም ይመለስላታል። ኤልዳና ስልክ ላይ እልል አለች። መሲ ከኤልዳና ሰምታ ኬክ ይዛ መጣች።

"ዜሮ ለዜሮ ሆንን በይኛ! ብቻሽን ተከራክረሽ! እኔ ብሆን አልቅሼ ነበር የምከፍለው። ለጌቱ ስነግረው እሷ እኮ ወንድ ናት አለኝ። ያንቺን ልብ ለኔ ቢሰጠኝ!"

ፀሐይ ኬኩን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"መሲ፣ በረንዳሽን ጽፌው ነበር።"

"የት?"

"ማመልከቻው ላይ። የመስታወቱን በረንዳ። እሷ አትከፍልም ብዬ።"

መሲ ቀስ ብላ ወንበር ሳበች። "ላክሽው?"

"አጠፋሁት።"

"ለምን ጻፍሽው ታዲያ?"

"ቀንቼ።"

"በኔ?" መሲ ዙሪያዋን አየች፤ የምትፈልገው ነገር የጠፋባት ይመስል። "በምኔ ነው በኔ የምትቀኚው?"

"ልቁጠርልሽ?"

"ተይው" አለች መሲ። ተነሳች። ኬኩን ትታው ሄደች።

ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። በማህበሩ ቀን መሲ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተቀመጠች፤ ፀሐይ ሰላም ስትላት ጉንጯን ሰጠች እንጂ አልሳመቻትም። ጌቱ ግን እንደ ድሮው ሰላም ይላታል። መሲ አልነገረችውም ማለት ነው፤ ይህም ሌላ ነገር ሆኖ ፀሐይን አስቀናት። እኔ ብሆን ነግሬው ነበር አለች በሆዷ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። መሲ ናት። አልገባችም።

"ሜትርሽን ይዘሽ ነይ።"

"ለምን?"

"በረንዳውን ለክተሽ ስጪኝ። እኔው ጽፌ እልከዋለሁ። ከዛሬ ወዲያ ማንም ነገሬን አጥፍቶልኝ ባለዕዳው ሆኜ መኖር አልፈልግም፤ አንቺም ብትሆኚ።"

"መሲ፣ ከመስመሩ ካለፍሽ ትከፍያለሽ እኮ።"

"እከፍላለኋ። ነይ።"

ሌዘሩ መስታወት ላይ አይሠራም፣ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ፀሐይ የጥቅሉን ሜትር አመጣች፤ እሱ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። መሲ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጫፉን ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ያዘች። ፀሐይ ጉልበቷን እየረገመች ተንበረከከችና እስከ መስታወቱ ሳበችው።

"ወጥሪው። ጎብጧል።"

"ወጥሬዋለሁ! አንቺ ነሽ የምትስቢው።"

"ሦስት ሜትር ከሰማንያ ሁለት።"

"ሦስት ከሰማንያ በይው ባክሽ።"

"ሰማንያ ሁለት ነው፣ መሲ።"

መሲ በአንድ እጇ ጫፉን እንደያዘች፣ በሌላው እስክሪብቶዋን ከኪሷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ባለው ወረቀት ሰማንያ ሁለት ብላ ጻፈች።

"ወርዱስ?" አለች።