ኮሌታዬ ላይ የተሰኩት መርፌዎች

መጀመሪያ የጠፋኝ የመርፌው ቀዳዳ ነው። ክሩን በምራቄ አሹዬ ብሞክር፣ ወደ ብርሃን ዞሬ ብሞክር፣ አልገባ አለ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ባለቤቴ በላይነሽ ጠዋት ጠዋት አሥር መርፌ ክር እያስገባች ኮሌታዬ ላይ ትሰካልኝ ጀመር፤ ሸዋ በር፣ ልብስ የምንሰፋበት በረንዳ ላይ ማንም እንዳያውቅብኝ።

ማንም ያልኩት አብዱልቃድርን ነው። ጎን ለጎን ስንሰፋ አርጅተናል። እሱ ግን ክሩን በአንዴ ያስገባል፣ ያውም እያወራ። እንዴት እንደቀናሁ እግዜር ያውቃል።

«ታዴ፣ እኔ እኮ የዓይን ሞራ አስገፍፌ ነው። ወላሂ፣ አንተም ታይ» ይለኛል።

ጉራ መሰለኝ። «ዓይንህን ለራስህ ያዘው!» አልኩት። ደንበኞቼም እኔ የሰፋሁትን ልብስ ይዘው እሱ ጋ ሲቆሙ ይታየኛል። ሰው እየነጠቀኝ ነው ብዬ ሰላምታ ነሳሁት። ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ነጭ ቀሚስ ስዘመዝም መርፌው ወጋኝ። ደም ፈሰሰ። አላየሁትም። የቀሚሱ ባለቤት ጮኸች።

አብዱልቃድር እጄን ይዞ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ ጠብታ አድርጋ፣ አገጬን አስደግፋ፣ ዓይኔን በዲጂታል ካሜራ አነሳችው። አያምም።

«አባባ፣ ጤነኛ ዓይን እዚህ ላይ ቀይ ሆኖ ይበራል። የእርስዎን ሁለቱንም ጭጋግ ሸፍኗቸዋል። ካታራክት፣ የዓይን ሞራ፣ ይመስላል፤ ሐኪሙ ያረጋግጣል።»

አብዱልቃድርም ለክትትል ፎቶ ተነሳ። የእሱ እንደ ፍም ቀላ። ፎቶ ላይም በለጠኝ!

ሆስፒታል ተልኬ ሐኪሙ የቀኝ ዓይኔን ቀዶ ሰው ሠራሽ ሌንስ አስገባልኝ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የፈታችልኝ ነርስ ጋዋን ሦስተኛ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር መተከሉን ነው።

ጠብታዬን በሰዓቱ እያደረግሁ፣ ከባድ ሳላነሳ፣ ዓይኔን ሳላሽ ሰንብቼ ወደ በረንዳው ስመለስ፣ አንድ ደንበኛ አምና የሰፋሁለትን ሱሪ እንዳሳጥርለት አመጣ። ገለበጥኩት። የእኔ ስፌት እንደ ፍየል መንገድ ተጣሟል። በላዩ ሌላ ቀጥ ያለ ስፌት ሄዷል፤ ጫፉ ሁለቴ የተመለሰ። የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ይህን ማን ነካው?»

«ጋሽ አብዱልቃድር ናቸው። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምለውኝ ነበር» አለኝ።

ዞሬ አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል።

እሱንም፣ በላይነሽንም፣ ሐኪሞቹንም እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ክር እምቢ ያላችሁ፣ ሞራው እስኪበስል አትጠብቁ፤ ታዩ። «ታይ» የሚላችሁን ሰውም አትኩረፉ፤ የእኔ ኩርፊያ አንድ ዓመት በልቶብኛል።

አሁን ክር በማስገባት እንሽቀዳደማለን። እስካሁን እሱ ይቀድመኛል፤ ያናድደኛልም። የግራ ዓይኔ ተራ ደርሷል። ያኔ እንተያያለን።