ባሮን የማያውቅ ማሽን

የልጅ ልጄ በስልኳ ሒሳብ ትለማመዳለች። ስትሳሳት ስልኩ ጢጥ ይላል። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጀርባዬን ያልበኛል። የጋምቤላ ላብ ነው፤ ስንት ዓመት አልፎም አልደረቀልኝም።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙ አልቆየችም ነበር። ቢሮዎቹ አዲስ ቀለም ይሸታሉ። እኔ ደግሞ ከደጋ የወረድኩ፣ በዚያ ሐሩር ከረባት የማስር የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን በእርዳታ አንድ ኮምፒዩተር ደረሰውና አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ሳምንት ሠልጥኜ፣ ማብራትና ማጥፋት ተምሬ፣ «ኤክስፐርት» ሆኜ ተመለስኩ። ማጥፋቱ እንኳ ብዙም አላስፈለገኝም፤ ጄኔሬተሩ ደስ ባለው ጊዜ ያጠፋልኝ ነበር።

ማሽኑ ላይ አንድ የሒሳብ ጨዋታ ነበር። ወንዝ ይታያል፤ በዚህኛው ዳር ጀልባ፣ በማዶው ዳር ባንዲራ። ተማሪው ጀልባዋ ባንዲራው ጋ እንድትደርስ በስንት ዲግሪ መቀዘፍ እንዳለባት አስልቶ ይጽፋል። ልክ ከሆነ ማሽኑ ዜማ ያሰማል፤ ካልሆነ ጢጥ ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ለአንድ ተማሪ በሳምንት አንድ ዕድል ብቻ ይደርሰዋል። ወረት ነውና «ማሽኑ አይሳሳትም፣ አያዳላም» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ከመቶው ማርክ ሃያው በማሽኑ እንዲያዝ ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

አሪየት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከጎግ ወረዳ መጥታ ከባሮ ወንዝ ማዶ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች፤ ድልድዩ ስለሚርቃት በታንኳ እየተሻገረች ነው የምትማረው። አባቷ ከወደቀች ወደ ጎግ እንደምትመለስ፣ ትምህርቱም በዚያው እንደሚያበቃ ቁርጡን ነግሯታል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚስተካከላት አልነበረም። ማሽኑ ላይ ግን ሁልጊዜ ትስታለች። በግንቦት መጀመሪያ ከመልሱ አሥር ዲግሪ አስበለጠች። በሳምንቱ አሥራ አምስት። ደጋው ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሃያ አምስት። እኔ ወባዬ ተነስቶብኝ፣ ቁርሴም ምሳዬም ማንጎ ሆኖ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት «በግምት አትሥሪ» እላታለሁ። በሌሎቹ ትምህርቶች ደከም ትል ስለነበር ከጠቅላላ ድምሩ አራት ማርክ ጎደላትና ወደቀች።

ውጤት የተነገረ ዕለት አጠገቤ መጥታ ቆመች። አላለቀሰችም።

«ቲቸር፣ አንተ ታንኳ ቀዝፈህ ታውቃለህ?»

አማርኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ አንቱታ የሚባል ጣጣ የለም፤ ለምጄዋለሁ። አላውቅም አልኳት።

«እንግዲያ ና።»

ባሮ ሞልቶ ደፍርሷል። መቅዘፊያውን ሰጥታኝ ማዶ ያለውን የአክስቷን የማንጎ ዛፍ አሳየችኝ። የታንኳዋን ጫፍ በቀጥታ ዛፉ ላይ አነጣጠርኩና ክንዴ እስኪዝል ቀዘፍኩ። ያረፍነው ግን ከዛፉ ብዙ ወረድ ብለን፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች መሃል ነው። አንዷ በአኙዋክኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሁሉም ሳቁ። ምን አለች ብዬ አሪየትን ብጠይቃት፣ «ከረባት ያሰረ ዓሣ አየሁ አለች» አለችኝ።

በመመለሻው እሷ ቀዘፈች። የታንኳዋን ጫፍ ወደ ላይኛው ወንዝ አዙራ ያዘችና ልክ ከተነሳንበት ቦታ አሳረፈችን።

«ውሃው ይጎትታል» አለች። «በግንቦት መጀመሪያ አሥር ነበር። አሁን ሃያ አምስት ነው። ያንተ ማሽን ላይ ያለው ወንዝ አይፈስም?»

ወር ሙሉ ባሮን ስትለካልኝ ኖራለች። የሒሳብ መምህር ነኝ ባዩ እኔ ግን ቁጥሩ ከዝናቡ ጋር አብሮ ሲያድግ ማየት አቅቶኛል።

በማግስቱ ማርኳን ላስተካክል ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። የውጤት መዝገቡ፣ ሮስተሩ፣ ተፈርሞ ተልኳል። ሰውየው ሪፖርቴን ከመሳቢያው አወጣና «ማሽኑ አይሳሳትም» የምትለውን በጣቱ አሳየኝ።

«ተሳስቷል ብለህ ጻፍና ማርኩ ይስተካከል» አለኝ።

አንድ ገጽ ነበር የሚፈጀው። ደክሞኝ ነበር፤ ወባው አጥንቴን ይቆረጥመኛል። ከወባውም ይልቅ ግን አፈርኩ። እስቲ ነገ አልኩ። ነገ ዛሬ ስል ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ እኔም ወደ ደጋ ወጣሁ። መስከረም ስመለስ አሪየት ጎግ ገብታለች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ዛሬ የልጅ ልጄ ስልክ ጢጥ ሲል መነጽሬን አደርግና፣ ቆይ፣ ይህን መልስ ከምን ተነስተሽ አገኘሽው እላታለሁ።

«ዝም ብዬ ገምቼ ነው፣ አባባ።»

እስካሁን ሁሌም እውነቷን ነው፤ ገምታ ነው። ቢደክመኝም፣ ስልኩ ጢጥ ሲል እንደገና እጠይቃታለሁ።